የመጨረሻው ዴስክ አለቃ

ኬኔ ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን ሦስተኛ «ለ» ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማታውቀው መምህርቷ የምሥራች ብቻ ነበረች። እንዲህ ያለ ጉድ እንዴት ይሆናል የሚል ሰው ካለ፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበልና ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው የተጣበቁትን ልጆች አይቶ ይምጣ፤ መፍረዱ ከዚያ በኋላ ይድረስ። እኔ የምሥራችን ልሸፍን አልተነሳሁም። ሴትዮዋ ግን ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ነገሩን የበለጠ መራራ ያደረገውም ይኸው ነው።

የምሥራች የጎጃም ሰዎች ልጅ ናት። አባቷ ነቀምቴ የገቡት በንግድ ነው፤ እሷ ግን ተወልዳ አፍ የፈታችው እዚሁ ስለሆነ በሁለቱም ቋንቋ እኩል ትቆጣለች፣ በሁለቱም እኩል ታባብላለች። ክፍሉ የሚማረው በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ለእናንተ በአማርኛ ልንገራችሁ እንጂ። ልጆቹ «ባርሲስቱ» ይሏታል፣ መምህርት ማለታቸው ነው። ሁለተኛ ክፍል ተቀብላቸው ወደ ሦስተኛም አብራቸው አልፋለች፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ ትል ነበር።

መስከረም በጠባ ቁጥር ልጆቹን በቁመት አሰልፋ ታስቀምጣለች፤ አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ። አጭሩ እንዲታየው ነው፤ ማን ይቃወማል? ከኋላ ከሚቀመጡት መካከል ደግሞ ምግባር ያለውን ልጅ ትመርጥና መጨረሻው ዴስክ ጥግ ላይ አስቀምጣ አለቃ ታደርገዋለች። ረባሹን ዋጋሪንና ግብረ አበሮቹን ከጀርባቸው ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋላ! ሰባ ምናምን ልጅ ይዞ ፊቱን ወደ ሰሌዳ የሚያዞር መምህር ከኋላ የራሱ ሰው ከሌለው አለቀለት። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ያንን ቦታ የያዘችው ኬኔ ነበረች። ለዕድሜዋ መለሎ፣ ዝምተኛ፣ ስትጠራ ቶሎ የምትነሳ ልጅ ነች። ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ወጣች፤ ሦስተኛ ክፍል መንፈቅ ላይም አንደኛ።

የምሥራች ሌላም ዘዴ ነበራት፤ ጎበዙን ከሰነፉ ጋር ማስቀመጥ። ማሂ የምትባል ቀጭን ፈሪ ልጅ ነበረች፣ ሁልጊዜ ከክፍሉ ጭራ የማትጠፋ። እሷን ከኬኔ ጎን አስቀመጠችና «ኬኔ ታነሳሻለች» አለቻት። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እያነበበች በኬኔ ጆሮ የምታንሾካሹከው ማሂ ነበረች። ኬኔ አንዴ ከሰማች በቃ፣ አይጠፋባትም። ሒሳብም ከሆነ ማሂ ቁጥሩን ትነግራታለች፣ ኬኔ አፍንጫዋን ደብተሩ ላይ ልትነክር ትንሽ እስኪቀራት ጎንበስ ብላ ትሠራዋለች። ማሂ ለሰው ስታነብ የራሷን ሳትጨርስ ደወል ይደወላል። ከዚያ የምሥራች ታስነሳትና «እንደ ኬኔ ያለች ልጅ ጎንሽ ተቀምጣ አንቺ ምን ነክቶሽ ነው የማትለወጪው?» ብላ ትወርድባታለች። ማሂ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥታ አልተናገረችም።

እንግዲህ ነገሩ የፈነዳው ማሂ ወባ ይዟት የቀረች ዕለት ነው።

ንባብ በዚያ ክፍል እንዲህ ነው የሚነበበው፤ አንድ ጎበዝ ልጅ ወጥቶ በዘንግ ሰሌዳው ላይ እየጠቆመ አንድ መስመር ያነባል፣ ክፍሉ በጩኸት ይቀበለዋል። መምህርት ያን ጊዜ ደብተር ታርማለች፤ ሌላ የማረሚያ ጊዜ ከየት ይመጣል? ባለፈው ዓርብ የተጻፈው ስለ ላም ነበር። የዛን ቀን በእረፍት ሰዓት የምሥራች እሱን አጥፍታ ስለ ንብ ጻፈች። ልጆቹ እያለከለኩ ገብተው እንደተቀመጡ «ኬኔ፣ ነይ አስነብቢ» ብላ ወደ ማረሟ ተመለሰች።

ኬኔ በዴስኮቹ መሃል ባለችው ጠባብ መንገድ የልጆቹን ትከሻ እየዳሰሰች ወጣች። ዘንጉን አንስታ ሰሌዳው ራስጌ ላይ አስቀመጠች።

«ላም የቤት እንስሳ ናት» አለች በጠራ ድምፅ።

«ላም የቤት እንስሳ ናት» አለ ክፍሉ ተቀብሎ።

«ላም ሣር ትበላለች።»

«ላም ሣር ትበላለች።»

ልብ አድርጉልኝ፣ አንድም ልጅ አልሳቀም። ዋጋሪ እንኳ፣ ያ በሰው መውደቅ የሚደሰተው ዋጋሪ፣ ሰሌዳው ላይ ንብ ተጽፎ እያየ ስለ ላም ይጮሃል። ሁሉም ያውቁ ነበራ። ሁሉም ሊሸፍኗት ተስማምተው ነው፣ ማንም ሳያማክራቸው። የምሥራች አራተኛው መስመር ላይ ነው ቀና ያለችው። ሰሌዳውን አየች፣ ኬኔን አየች፣ ክፍሉን አየች። ደሟ ፈላ። ሰባ ልጅ አሲሮ ሊቀልድብኝ ነው ብላ አሰበች፤ ከዚያም የባሰው፣ አንደኛዬ የምላት ልጅ ማንበብ ትታ በሽምደዳ ስትሸውደኝ ከርማለች ብላ አሰበች።

«ምን የሚል ነው የተጻፈው?» አለቻት።

ኬኔ ዘንጉን ከሰሌዳው ላይ አወረደች።

«እኮ ምን ይላል? የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ንገሪኝ።»

ኬኔ ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ መጨረሻው ዴስክ አቀናች፤ የማሂ ቦታ ባዶ ነው። «ረሳሁት» አለች።

«ማንበብ ይረሳል እንዴ? ተንበርከኪ።»

ልጅቷ ዘንጉን እንደያዘች ተንበረከከች። የምሥራች ወደ ወንበሯ ስትመለስ ዋጋሪ ከመቀመጫው ተነሳ። ይህ ልጅ ለመናገር ሲነሳ ለበጎ አይደለም፤ ስለዚህ «አንተ ደግሞ ተቀመጥ» አለችው ሳይጀምር።

«ባርሲስቱ፣ አይታያትም እኮ» አለ ዋጋሪ። «የምታነብላት ማሂ ናት። ዛሬ ደግሞ ማሂ የለችም።»

የምሥራች እየዋሸ እንደሆነ ለማወቅ የሌሎቹን ልጆች ፊት አየች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል።

የኬኔን እጅ ይዛ አስነሳቻትና ወደ ግቢው አወጣቻት። ፀሐይ ነው፣ ብርሃን ሞልቷል። ከባንዲራው ምሰሶ አጠገብ አቆመቻትና ፊት ለፊቷ ቀርባ ሁለት ጣት አሳየቻት። ኬኔ «ሁለት» አለች። ትንሽ ፈቀቅ ብላ አራት አሳየቻት፤ ኬኔ አመነታችና «ሦስት» አለች። ከዚያ የምሥራች እጇን ወደ ጎን ወስዳ፣ ከኬኔ ጆሮ ትይዩ፣ ማንም ሰው የሚያየው ቦታ ላይ አወዛወዘች።

«ስንት ነው?»

«እጅዎን አንስተዋል እንዴ?» አለች ኬኔ።

የምሥራች እጇን አወረደች። ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ያዘቻትና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ድሮ ሰሌዳው ብቻ ነበር ጭጋግ የሚሆንብኝ። አሁን ዳር ዳሩ ጨለማ ነው። መሃሉ ግን አለ፣ ጠጋ ስል አያለሁ። ደግሞ ራሴን ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም የኔ ልጅ?»

«ከአለቅነት ያወርዱኛል ብዬ።»

እንዲህ ነው መልሷ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ በእሷ ዓለም ውስጥ ከመጨረሻው ዴስክ አለቅነት የሚበልጥ ሹመት አልነበረም። ያን ሹመት የፈጠረችው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለችም። የምሥራች ይህን ስትረዳ ብዙ ነገር ተራ በተራ መጣባት። ኬኔ በሩን ስትገጭ «ቀልብሽ የት ነው?» ያለቻት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ «እንዲህ ነው ማዳመጥ» ብላ ለሌሎቹ ምሳሌ ያደረገቻት። ጽሕፈቷ ከመስመር እየወጣ ሲሄድ ቸኩላ ነው ብላ ያለፈችው። ሁሉንም አይታዋለች እኮ፤ ምንም ያላየችው ነገር የለም። አይታ አይታ አንዱንም አላወቀችውም።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም። መነጽር ነው፣ አለች ለራሷ፤ መነጽር ቢደረግላት ያልቃል። ስንቱ ሰው መነጽር አድርጎ ይኖር የለ እንዴ? በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ይዛ እናትየዋ ዘንድ ሄደች። በቀለች ገበያው መግቢያ ላይ አቮካዶና ጎመን የምትሸጥ፣ የአርጆ ልጅ ናት። ባሏን በመኪና አደጋ ካጣች ወዲህ ያለቻት ይህች ልጅ ብቻ ናት። መምህርቷን ከልጇ ጋር ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አለች።

«አካም ጅርቱ ባርሲስቱ! ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም አዴ በቀለች። ዓይኗ ነው፤ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ዓይኗ?» በቀለች ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት። «ማታ ማታ ትደናቀፋለች። ዳፍንት ነው አሉኝና ጉበት አበላኋት። ደህና ሆናለች ብዬ ነበር እኮ።»

«መነጽር ይሆናል የሚሰጧት። እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ።»

ኬኔ ጣልቃ ገባች። «መነጽር ካደረግኩ ዋጋሪ አያቴ ይለኛል» አለች። ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ የምሥራች ባስታወሰችው ቁጥር ፊቷን የሚያቃጥላት ነገር ሆነ፤ ግን በሰዓቱ ከልባቸው ነው የሳቁት።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ኦቦ ጉሉማ ስትነግራቸው አላንገራገሩም፤ «ሂጂ፣ ክፍልሽን እኔ እይዛለሁ» አሏት። የዓይን ሐኪሙ የሚኖርበት ቀን እስኪደርስ ድረስ የምሥራች ኬኔን ከፊት ወንበር አስቀምጣ፣ ሰሌዳውን በትልልቅ ፊደል እየጻፈች፣ እያንዳንዱን መስመር ራሷ ጮክ ብላ እያነበበች ሰነበተች። ማሂ ከወባዋ ተነስታ ስትመጣ ቦታዋ ተለውጦ አገኘችው። የምሥራች ጠራቻትና ጉንጯን ሳመቻት፣ ምንም አላለቻትም። ማሂ ለምን እንደተሳመች ሳይገባት፣ ልትቆጣት መስሏት እየተንቀጠቀጠች ሄደች።

ሐኪም ቤት የገቡት ጠዋት ነው። ሐኪሙ ነብዩ የሚባል ወጣት፣ ትሕትና ያለው ሰው ነው። ኬኔን በመሣሪያው አየ፣ ጠብታ አደረገላት፣ ቆይቶ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠርቶ አሳየ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ የምሥራች ጆሮዋን አቀናች፤ የገባት ግማሹ ነው፣ ግማሹም በቃት። ነብዩ ነርሷን «ልጅቷን ውጪ አስቀምጫት» አላት።

«መነጽር ይሻላታል አይደል?» አለች የምሥራች፣ በሩ ሳይዘጋ።

ነብዩ ወንበሩን ወደ እናትየዋ አስጠጋ። «መነጽር አይደለም እናቴ። ግላኮማ ይባላል፤ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ሥሩን እየገደለው ይሄዳል። በልጅ ላይ ብዙ አያጋጥምም፣ እሷን ግን አግኝቷታል። የቀኝ ዓይኗ አልቋል። የግራው መሃሉ ብቻ ነው የቀረው፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ማለት ነው።»

በቀለች አማርኛውን በደንብ ትሰማለች፤ ነገር ግን የተባለውን ያልሰማች ይመስል የምሥራችን አየቻት። የምሥራች ቃሉን በኦሮምኛ ደገመችላት። ያንን ማድረግ ነበረባት፣ በገዛ አፏ።

«ኦፕራሲዮን አለ አይደል?» አለች በቀለች።

«አዲስ አበባ እልካችኋለሁ። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። የሚደረገው ሁሉ የቀረውን ለማቆየት ነው፤ የሄደው አይመለስም። የቀረውም በጣም ተጎድቷል። ይቆያል ብዬ ቃል አልገባም።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«እኔ እንጃ። ይህን ዓመት ብታይበት ደግ ነው።»

የምሥራች መጠየቅ የማይገባትን ጠየቀች። ሰው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለምን እንደሚጠይቅ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት «ቀድሞም ቢሆን አይድንም ነበር» የሚል መልስ ልትሰማ ፈልጋ ይሆናል። «ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮስ?» አለች።

ነብዩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሁለተኛ ክፍል እያለች ቢሆን፣ አብዛኛውን ማትረፍ ይቻል ነበር» አለ። ከዚያ የእናትየዋን ፊት አይቶ፣ መናገሩ ቆጭቶት፣ «ግን ማን ያውቃል» ብሎ ጨመረበት።

ወጡ። ኬኔ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች መካከል፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጠብታው ዓይኗን አፍዝዞታል። እናቷ በግራዋ፣ የምሥራች በቀኟ ተቀመጡ። ኬኔ ምን እንደተባለ አልጠየቀችም፤ ዝም በሉ ሲባል ዝም ማለት የለመደች ልጅ ናት።

ብዙ ከቆዩ በኋላ በቀለች ከልጇ ራስ በላይ፣ በቀስታ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ባርሲስቱ፣ እኔ ጠርጥሬ ነበር እኮ። ሁለተኛ ክፍል እያለች ነው። ውሃ ቅጂልኝ ስላት ጀሪካኑን አጠገቧ አስቀምጬው ታጣዋለች። ይሄ ደህና አይደለም ብዬ፣ ለሕክምና የሚሆን ቋጥሬ፣ በማግሥቱ ልወስዳት ተዘጋጅቼ ነበር። የዛኑ ዕለት ካርዷን ይዛ እየሮጠች መጣች። አንደኛ። ከዚያ ሁሉ ልጅ አንደኛ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አስነበብኩት። የማያይ ልጅ እንዴት አንደኛ ይወጣል አልኩ። እኔ መሃይም ነኝ፤ የዓይኗን ነገር ከመምህርቷ በላይ አላውቅም አልኩ። በያዝኩት ብር ጫማ ገዛሁላት።»

የምሥራች ያንን ካርድ የጻፈችበት ጠረጴዛ፣ ያቺ ከሰዓት፣ የቀይ እስክሪብቶው ቀለም ሁሉ ፊቷ መጣ። «አንደኛ» ብላ ከጻፈች በኋላ ከሥሩ መስመር አስምራበት ነበር፣ እናትየዋ ደስ እንዲላት ብላ። አፏን ከፈተች። ይቅርታ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን ይቅርታ የሚባለው ለምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ታውቃለች፣ ለዚህ አልነበረም። እንባዋ መጣ። ልትውጠው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ከደረቷ እየተጎተተ ድምፅ አውጥቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩ።

በቀለች ከተቀመጠችበት ተነስታ በልጇ ፊት አልፋ መጣችና የምሥራችን አንገት አቀፈቻት። እስከ ዛሬ በአንቱታ ነበር የምታናግራት። «አይዞሽ» አለቻት፣ ጀርባዋን እየደባበሰች። «አይዞሽ እህቴ። አንቺ ባትኖሪ ይህንንም የሚያይላት አልነበረም። ገለቶሚ። እግዜር ይስጥሽ።»



ኬኔ ሁለቱ ሴቶች ወዳሉበት ጎን አንገቷን አዞረች። በዚያ በኩል ምንም አይታያትም ነበር። እጇን ዘርግታ አየሩን ዳሰሰችና የአንድ ሰው ክንድ ነካች፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ልብሱን በጣቶቿ ፈተሸች።

«ሀርሜ» አለች እናቷን፣ «ማነው የሚያለቅሰው?»